ወዝና ውሃ፦ የቆዳ ጌጣጌጦችና መገልገያዎች አያያዝ በአዲስ አበባ፣ ከጎፋ ሰፈር አኳያ

አጠቃሎ

ከቆዳ የሚሠሩ ጌጣጌጦችና የዘወትር መገልገያዎች የሚጎዱት በባለቤቶቻቸው ቸልታ ብቻ ሳይሆን በትጋታቸውም ጭምር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የጎፋ ሰፈር የአየር ጠባይና የአኗኗር ሁኔታ መነሻ በማድረግ፣ በክረምትና በበጋ በቆዳ ላይ የሚደርሱትን ሁለት ተቃራኒ ጉዳቶች ያብራራል። በየቤቱ ለቆዳ የሚቀቡትን ቅባቶች ከባሕርያቸው አንጻር ይመዝናል፤ ብረት፣ ዛጎልና ብራና ከቆዳ ጋር ሲጣመሩ የሚያስከትሉትን ችግር ያሳያል፤ በመጨረሻም የዓመቱን ወቅቶች የተከተለ አያያዝ ይጠቁማል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ፣ የቆዳ አያያዝ ከቅባት ምርጫ በፊት ቆዳው በምን እንደለፋ ከማወቅ መጀመር አለበት የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቆዳ፣ ማልፋት፣ ወዝ፣ ሻጋታ፣ ክታብ፣ ጎፋ

1. መግቢያ

ጎፋና ቄራ ጎረቤታሞች ናቸው። በከተማዋ የእርድ ድርጅት ስሙን ያገኘው የቄራ አካባቢ ከጎፋ ጋር ይዋሰናል። ከእርድ የሚገኘው ጥሬ ቆዳ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ለፍቶ፣ ተቀልሞና ተሰፍቶ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የእጅ አምባር ወይም የአንገት ጌጥ ሆኖ ወደ ከተማው ነዋሪ ይመለሳል። በጎፋ ማዞሪያ፣ በጎፋ ገብርኤልና በመብራት ኃይል መንገዶች ላይ የሚታየው መገልገያ ይህን ሁሉ ጉዞ የጨረሰ ዕቃ ነው። ሆኖም የቆዳው ዕድሜ የሚወሰነው በፋብሪካ ብቻ አይደለም። ዕቃው ከተገዛ በኋላ የሚደረግለት ወይም የሚደረግበት ነገር ጉልህ ድርሻ አለው።

ቦርሳው ሲሰነጠቅ ወይም ቀበቶው ሲላላጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «የአገር ቆዳ አይበረክትም» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ከጥሬ ዕቃው ባሕርይ ጋር አይስማማም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት ተፈላጊ ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳም ለካሞሽ ሥራ በስሙ ተለይቶ ይታወቃል። በእርግጥ የአሠራር ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን በሚገባ የተሠራው ዕቃም ያለ ዕድሜው ሲበላሽ፣ ምክንያቱ ባለቤቱ በቀናነት የቀባው ቅባት ወይም ዕቃውን ያደረቀበት ምድጃ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ተለይቶ ካልታወቀ ገዢው ገንዘቡን፣ ሠሪውም ስሙን ያጣል።

የአማርኛው «ወዝ» የሚለው ቃል ለዚህ ጉዳይ መግቢያ ይሆናል። ወዝ በአንድ በኩል ከገላ ወይም ከቆዳ ውስጥ የሚገኘውን ቅባት ያመለክታል፤ በሌላ በኩል በገጽ ላይ የሚታየውን ልስላሴና ፍካት ይገልጻል። በጤነኛ ቆዳ ላይ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። የአያያዝ ስሕተት የሚጀምረው የገጹ ፍካት የውስጡን ወዝ የሚተካ ሲመስል ነው።

2. ማልፋት ቆዳን እንዴት ይለውጠዋል?

ጥሬ ቆዳ በዋናነት የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ጭረቶች እንደ ተጎነጎነ ገመድ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሲሆኑ፣ በውሃ ሲርሱ ይበሰብሳሉ፤ ያለ ማልፋት ሲደርቁ ደግሞ ተጣብቀው እንደ ጣውላ ይደርቃሉ። ማልፋት ማለት በእነዚህ ጭረቶች መካከል የማያበሰብስ ትስስር መፍጠር ነው። ከማልፋት ቀጥሎ የሚገባው ቅባት ጭረቶቹ እርስ በርስ ሳይጣበቁ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። የለፋ ቆዳም ቢሆን በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ ከ12 እስከ 18 በመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ስለዚህ የቆዳ ልስላሴ የሁለት ነገሮች፣ የወዝና የውሃ፣ ሚዛን ነው።

በአያያዝ ረገድ ሦስት ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በዕፅዋት ታኒን የለፋው ነው። እንደ ግራር ካሉ ዛፎች ልጥ በሚገኘው ታኒን የሚለፋው ቆዳ ቡናማ ይሆናል፤ ውሃን በቀላሉ ይመጥጣል፤ በድጉስ የሚቀረጽበትን ጌጥም ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው በክሮም ጨው የለፋው ነው። ኦገስት ሹልትዝ በ1884 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባገኘው የፈጠራ መብት ለኢንዱስትሪ የበቃው ይህ ዘዴ ዛሬ ከዓለም የለፋ ቆዳ አብዛኛውን ይሸፍናል፤ የሚገኘውም ቆዳ ለስላሳ፣ ቀላልና ሙቀትን ይበልጥ የሚቋቋም ነው። ሦስተኛው በእውነቱ ቆዳ ያልሆነው፣ በጨርቅ ላይ ፕላስቲክ የተለበጠበት ሰው ሠራሽ ዕቃ ነው።

ሦስቱን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የተቆረጠው ጠርዝ ወጥ ቡናማ ከሆነ በዕፅዋት የለፋ መሆኑን ይጠቁማል፤ በመካከሉ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ከታየ በክሮም የለፋ ሳይሆን አይቀርም፤ የጨርቅ ክር ከወጣ ሰው ሠራሽ ነው። በተጨማሪም በማይታይ ቦታ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ማኖር ይጠቅማል። ጠብታው ወዲያው ገብቶ ቦታውን ካጠቆረው ገጹ አልተለበጠም፤ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ከቀረ ግን በላዩ ላይ መከላከያ ልባጥ አለ። ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ ልባጥ ባለው ቆዳ ላይ የሚፈስ ቅባት ወደ ውስጥ ስለማይገባ ከላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል።

3. ሁለት ወቅቶች፣ ሁለት ጉዳቶች

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዝናቧ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉም የረጠቡ ወራት ናቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ በአንጻሩ ደረቅ ነው፤ በከፍታው ምክንያትም የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው። በጎፋ የሚገኝ አንድ ቦርሳ ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎችን ያልፋል።

የክረምቱ ፈተና ሻጋታ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ በቆዳ ላይ ሊበቅል ይችላል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ምድር ቤት፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ በቆመ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ አየር ይልቅ ይረጥባል፤ ግድግዳው ስለሚቀዘቅዝም እርጥበቱ እዚያው ይጠራቀማል። ከአቧራ ለመጠበቅ ሲባል ቦርሳን በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል፤ ፌስታሉ ውሃው እንዲገባ ሳይሆን እንዳይወጣ ያደርጋል።

የበጋው ፈተና መድረቅ ነው። ቆዳው ውሃውን ሲያጣ ጭረቶቹ ይቀራረባሉ፤ በተደጋጋሚ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ማለትም በቀበቶ ቀዳዳ፣ በቦርሳ ማንገቻና በሰዓት ማሰሪያ ላይ፣ ስንጥቅ ይጀምራል። ፀሐይ ቀለሙን ያነጣል፤ ቅባቱንም ከአየር ኦክስጅን ጋር እንዲዋሐድ ያፋጥነዋል።

ሁለቱን ወቅቶች የሚያገናኝ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በዝናብ የራሰን ዕቃ በከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም በቀትር ፀሐይ ማድረቅ ነው። ውሃ የጠጣ ጥሬ ቆዳ በ60 እና በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይኮማተራል፤ በዕፅዋት የለፋው በአብዛኛው ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው፣ በክሮም በሚገባ የለፋው ደግሞ በ100 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ዕድሜ ያዳከመው ቆዳ ከዚህ ባነሰ ሙቀትም ይኮማተራል። የተኮማተረ ቆዳ በምንም ቅባት ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም።

4. በቤት ውስጥ የሚቀቡ ቅባቶች ሲመዘኑ

ቅቤ በአገሪቱ የቆዳ ባህል ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። ቁርበትና ስልቻ በየጊዜው እየታሹ በቅቤ ወይም በሞራ ይለሰልሱ ነበር። ይህ አሠራር ለነበረበት ሁኔታ ተስማሚ ነበር፤ ቆዳው ልባጥ የሌለው ነው፣ በየዕለቱ ይታጠፋል፣ ቅባቱም በእጅ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። በዘመናዊ ቦርሳ ላይ ግን ሁኔታው ይለያል። ያልተነጠረ ቅቤ ውሃና ፕሮቲን ስላለው ለሻጋታ ምግብ ይሆናል፤ ሲቆይም ይሻግታል፣ ሽታውም ነፍሳትንና አይጥን ይጠራል።

የምግብ ዘይቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። የኑግና የተልባ ዘይቶች ከአየር ጋር ሲገናኙ ቀስ በቀስ የመጠንጠንና የመድረቅ ባሕርይ አላቸው። ተልባ ለቀለም ቅብ ሥራ ተፈላጊ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ቦርሳውን ያለሰለሰው የኑግ ዘይት ከወራት በኋላ የሚያጣብቅና የሚያጠነክር ንብር ሊሆን ይችላል። የፓልም ዘይት በተቃራኒው በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ስለሚረጋ በገጹ ላይ ነጭ ብናኝ መስሎ ይወጣል። የጉሎ ዘይት አይደርቅም፤ ሆኖም ወፍራም ስለሆነ በብዛት ከተቀባ አቧራ ይይዛል። ቫዝሊን አይሻግትም፤ ነገር ግን ከልባጡ በላይ ይቀራል፣ ወደ ስፌቱ ሲደርስም በማስቲሽ የተጣበቀውን ጠርዝ ያላቅቃል።

በክሮም ለለፋና ከገላ ጋር ለሚነካካ ጌጥ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማልፋት የሚያገለግለው ባለ ሦስት ክሮም በሙቀት፣ በፀሐይ ጨረርና ኦክስጅን በሚስቡ ቅባቶች ምክንያት በከፊል ወደ ባለ ስድስት ክሮም ሊለወጥ ይችላል። ባለ ስድስት ክሮም የቆዳ አለርጂ ያስከትላል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገላ ጋር በሚነካኩ የቆዳ ዕቃዎች ውስጥ መጠኑ ከ3 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም እንዳይደርስ የገደበው ስለዚህ ነው። የእጅ አምባርን በኑግ ዘይት ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለዚህ ለውጥ ምቹ የሆኑ ሁኔታዎችን በአንድነት መፍጠር ነው።

ቅባት ማብዛት የየቤቱ ስሕተት ብቻ አለመሆኑን የሙዚየሞች ታሪክ ያሳያል። በብሪቲሽ ሙዚየም ስም የታወቀው፣ ከበግ ሱፍ ቅባት፣ ከሰምና ከሴዳር ዘይት የሚዘጋጀው የቆዳ ቅባት ለብዙ ዓመታት በጥንታዊ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ሲቀባ ቆይቷል። ቆይቶ ግን ቆዳውን እንደሚያጠቁርና አቧራ እንደሚያስይዝ በመታወቁ ባለሙያዎች እንደ ቀድሞው አዘውትረው መቀባትን ትተዋል።

የጫማ ቀለም ደግሞ ሰም፣ ማሟሚያና ማቅለሚያ የተቀላቀለበት ነው። ጫማ ልብስን እምብዛም ስለማይነካ ችግሩ አይታይም፤ በቀበቶና በቦርሳ ላይ ግን ቀለሙ ወደ ሸሚዝና ወደ ነጠላ ይሸጋገራል። ለእነዚህ ማቅለሚያ የሌለው ነጭ ቀለም በጥቂቱ ይበቃል። በካሞሽ ላይ ቀለምም ሆነ ቅባት አይቀባም፤ የሚጸዳው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። የልብስ ሳሙና፣ ኦሞና በረኪና ለየትኛውም ቆዳ አይሆኑም፤ የለፋ ቆዳ በባሕርይው ወደ አሲድነት ያዘነበለ ስለሆነ አልካሊ ትስስሩን ያላላል። የእጅ ማጽጃ አልኮልና ሽቶም ልባጡንና ቀለሙን ስለሚያሟሙ፣ አምባርና የሰዓት ማሰሪያ መጠለቅ ያለባቸው እጅ ከደረቀ በኋላ ነው።

5. ጌጡ ቆዳ ብቻ ባልሆነ ጊዜ

አብዛኛው የቆዳ ጌጥ ከሌላ ነገር ጋር የተጣመረ ነው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች የፍየል ቆዳ ልብሳቸውን በዛጎልና በዶቃ ያስጌጣሉ፤ የመጀመሪያ ሚስት የምታጠልቀው ቢኜሬ የተባለው የአንገት ጌጥም ከፊቱ ብረት የወጣለት የቆዳ ማሰሪያ ነው። በከተማ የሚሸጡ የቆዳ አምባሮችም የነሐስ ቁልፍ፣ የብረት ዘለበት ወይም ዛጎል አላቸው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ጠንቅ ሊሆን ስለሚችል ጥምረቱ አያያዙን ይለውጣል።

ብረት በዕፅዋት ታኒን የለፋን ቆዳ በእርጥበት ሲነካ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ያወጣል። ይህ ብረትና ታኒን ተዋሕደው የሚፈጥሩት ቀለም በመሆኑ በማጠብ አይለቅም። ነሐስና ናስ በበኩላቸው በውስጣቸው ባለው መዳብ ምክንያት ከቅባት አሲዶች ጋር ተዋሕደው አረንጓዴ ዝቃጭ ይሠራሉ። በዘለበቱ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ከታየ ቆዳው ቅባት እንደበዛበት ምልክት ነውና፣ መፍትሔው በደረቅ እንጨት ስንጥር ማንሳት እንጂ ሌላ ቅባት መጨመር አይደለም። ዛጎል ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በሎሚና በኮምጣጤ ይሟሟል። ብሩን ለማጥራት የተጨመቀ ሎሚ አጠገቡ ያለውን ዛጎል ይበላል፤ ቆዳውንም ያነጣል።

6. የውርስ ዕቃዎች፦ የክታብ ምሳሌ

በየቤተሰቡ ከሚገኙ የቆዳ ዕቃዎች ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው ክታብ ነው። ክታብ ብዙ ጊዜ ጸሎት የተጻፈበት ጥቅል ብራና በተሰፋ የቆዳ ማኅደር ውስጥ የሚቀመጥበት፣ በአንገት ወይም በክንድ የሚታሰር ዕቃ ነው። ማኅደሩ የለፋ ቆዳ ሲሆን ብራናው ግን ያልለፋ፣ ተወጥሮ የደረቀ ቆዳ ነው። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ነገሮች አሉ። ማኅደሩ የሚቋቋመው ርጥበት ብራናውን ያኮማትረዋል፤ ከጥላሸት የተዘጋጀው የጽሕፈት ቀለምም በውሃ ይለቃል። ማኅደሩን ለማለስለስ የተቀባው ቅባት ወደ ውስጥ ሰርጎ ብራናውን እንደ ዘይት ወረቀት ብርሃን አሳላፊ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የአያያዝ ዓላማ ይለወጣል። የዘወትር ቀበቶ እንዲያገለግል ይታደሳል፤ ክታብ፣ የመጽሐፍ ማኅደር ወይም በቆዳ የተለበጠ አሮጌ አገልግል ግን የያዘው ምስክርነት እንዳይጠፋ ይጠበቃል። በክታብ ማሰሪያ ላይ የሚታየው የእጅ ወዝ፣ መተልተልና መጥቆር የተሸከሙትን ሰዎች ታሪክ የያዘ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ አለመቀባት፣ ስፌቱን አለመፍታት፣ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በካርቶን ውስጥ ማኖርና ለጥገናው ባለሙያ ማማከር ይመረጣል። በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመሰሉ ስብስቦች ለተመልካች የሚጠቅሙትም የአገልግሎቱ አሻራ በዕቃዎቹ ላይ ሳይፋቅ በመቆየቱ ነው።

7. ወቅቱን የተከተለ አያያዝ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ ተግባር ሲመለሱ ለዘወትር ዕቃዎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይሰጣሉ።

በግንቦት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፦ ዕቃው ባዶ ተደርጎ ይራገፋል፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ካስፈለገም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል። በጥላ ከደረቀ በኋላ ልባጥ የሌለው ቆዳ ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ ቅባት በስሱ ይቀባል፤ የተረፈው በሌላ ጨርቅ ይነሣል።

ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ዕቃው ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ በፌስታል ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ይቀመጣል። ቁም ሳጥኑ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ይከፈታል። በዝናብ የራሰ ዕቃ ሳይፈተግ በጨርቅ ይመጠጣል፤ ውስጡ ጽሕፈት በሌለው ወረቀት ተሞልቶ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የጋዜጣ ቀለም ገበሩን ሊያቆሽሽ ስለሚችል ጋዜጣ አይመከርም።

ነጭ ነገር ሲታይ፦ አስቀድሞ ሻጋታ ይሁን የረጋ ቅባት መለየት ያስፈልጋል። በእጅ መዳፍ ሙቀት የሚቀልጠው ቅባት ነው፤ የማይቀልጠውና የሻጋታ ሽታ ያለው ሻጋታ ነው። ሻጋታ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ ከዚያም ዕቃው ደረቅ ቦታ ካልተዛወረ ተመልሶ ይበቅላል።

ከጥቅምት እስከ ጥር፦ ዕቃው ከመስኮት ፀሐይ ይርቃል። መታጠፊያው ከደረቀ ብቻ በስሱ ይቀባል። ቀበቶ ተጠቅልሎ ሳይሆን ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። የሰዓት ማሰሪያና አምባር ላብ ስለሚመጡ ቀን ከተጠለቁ ማታ ይወልቃሉ፤ በተቻለ መጠንም በየሁለት ቀኑ ይፈራረቃሉ።

8. ማጠቃለያ

የጎፋ ነዋሪ ለቆዳ ዕቃው ብዙ ወጪ ማውጣት አይጠበቅበትም። ከሚያስፈልገው ውስጥ አብዛኛው፣ ማለትም ጥላ፣ ነፋስ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት፣ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ነው። የሚጎድለው ዕውቀቱ ለባለቤቱ የሚደርስበት መንገድ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የቆዳ ዕቃ አምራቾች ቆዳው በምን እንደለፋ፣ ልባጥ እንዳለውና እንደሌለው የሚገልጽ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ከዕቃው ጋር ቢያያይዙ፣ ገዢው ከግምት ይድናል፤ አምራቹም ባልሠራው ጥፋት ከመወቀስ ይተርፋል። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ ዳር የሚሠሩ ሊስትሮዎች ከማንም በላይ የከተማውን ቆዳ በእጃቸው የሚዳስሱ ናቸው። ከጫማ ባሻገር ቦርሳና ቀበቶ እንዴት እንደሚያዝ አጭር ሥልጠና ቢያገኙ ለእነርሱ ተጨማሪ ገቢ፣ ለነዋሪውም ቅርብ ባለሙያ ይገኛል።

ጥሩ ወዝ ከላይ የሚፈስ አይደለም። ቆዳው ሲለፋ የገባለትን ቅባትና በተፈጥሮ የሚይዘውን ውሃ ሳያስጥሉ መጠበቅ ነው። ይህን የተረዳ ባለቤት ቅባቱን ከማንሣቱ በፊት የዕቃውን ጠርዝ ያያል፤ ብዙ ጊዜም ቅባቱን መልሶ ያስቀምጠዋል።